ከመጨረሻው ባቡር በኋላ፦ ቶኪዮ ላይ ጨፍሮ ለማደር የቱ ሰፈር ይሻላል?

ቶኪዮ በመጣሁ በሁለተኛው ወር አንድ የክለብ ማስታወቂያ ወረቀት እጄ ገባ። ላዩ ላይ «23:00–29:00» ይላል። የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ አብሮኝ ለሚማር ጃፓናዊ ልጅ አሳየሁት። ልጁ አልሳቀም። «እስከ ንጋት ነው» አለኝ፣ በጣም ግልጽ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። ለካ እዚህ አገር እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ 25፣ 26፣ 27 እያሉ መቁጠር የተለመደ ነው። ሌሊቱ ካላለቀ ቀኑ አላለቀም ማለት ነው። የኛን ሰዓት ለፈረንጅ ሳስረዳ ስንት ጊዜ የተሳቀብኝ ሰው ነኝና፣ እውነት ለመናገር አንጀቴ ራሰ። 29 ሰዓት በኛ ከሌሊቱ 11 ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን በፈረንጁ።

ያቺ 29 ዝም ብላ አልተመረጠችም። ባቡር የሚጀምርበት ሰዓት ናት።

የቶኪዮ ባቡር ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። እንደ መስመሩ ከሌሊቱ 6 እስከ 6 ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ያበቃል፤ ከ10 ተኩል እስከ 11 ባለው ይጀምራል። የመጨረሻውን ባቡር «ሹደን» ይሉታል፣ የመጀመሪያውን «ሺሃትሱ»። በመሃል ያለውን ጊዜ ውጭ ማሳለፍ ደግሞ «ኦሩ» ይባላል። «ኦል ናይት» ከሚለው እንግሊዝኛ ግማሹን ቆርጠው ያስቀሩት ነው።

በታክሲ መሄድ አይቻልም ወይ? ይቻላል። እኔ የምኖረው ካትሱሺካ ነው፣ በከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ። ቶኪዮ ካለው ሐበሻ ብዙው የሚገኘው እዚሁ አካባቢ ነው። ከሺቡያ እስከ ቤቴ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ታክሲው ሲነሳ ለመጀመሪያዋ ኪሎ ሜትር ገደማ 500 የን አካባቢ ይላል፣ ደግ ይመስላል። ከዚያ ቆጣሪው መሮጥ ይጀምራል። ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 11 ደግሞ 20 በመቶ ይጨመርበታል። ቤቴ በር ላይ ስደርስ ሂሳቡ ወደ 8,000 የን ሆኖ ይጠብቀኛል። የታክሲው በር ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል፣ መቀመጫው እንደ ሙሽራ መኪና ነጭ ለብሷል። 8,000 የን ግን 8,000 የን ነው።

እንግዳ ሲመጣ «የቱ ክለብ ይሻላል?» ይለኛል። ጥያቄው ትንሽ ይስተካከል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሁሉም ክለብ ደስ ይላል። የሚለያዩት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። እግራችሁ ሲዝል፣ ኪሳችሁ ሲሳሳ፣ ባቡሩ ገና ሁለት ሰዓት ሲቀረው የት ብትሆኑ ይሻላችኋል? ሰፈሮቹን የማወዳድረው በዚች ሰዓት ነው።

ሺቡያ፦ ለሙዚቃ ለመጣ ሰው

ሙዚቃ ከሆነ የሚያስወጣችሁ ክርክር የለውም፣ ሺቡያ ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ ያንን በየፊልሙ የሚታይ የእግረኛ ማቋረጫ ካለፋችሁ በኋላ ዶገንዛካ የሚባል ዳገት አለ። ዳገቱን ይዛችሁ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ማሩያማቾ ትገባላችሁ። በሰዓት የሚከራዩ ሆቴሎች የተደረደሩበት ጠባብ ሰፈር ነው። አትደንግጡ፣ መንገድ አልሳታችሁም፤ ክለቦቹ እዚያው መሃል ናቸው። ዎምብ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ እዚያ አለ። የሱ ነገር ቴክኖ፣ ሃውስና ድራም ኤንድ ቤዝ ነው። ሃርለም ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ሂፕ ሆፕ ያጫውታል። በክለብ ዕድሜ ሁለቱም የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሌላው ይከፈታል፣ ይዘጋል። የድሮ ጽሑፍ አንብባችሁ አገሃ የሚባለውን ትልቅ ክለብ ፍለጋ ባሕሩ ዳር ሺን ኪባ ድረስ እንዳትሄዱ፤ በ2022 መጀመሪያ ተዘግቷል።

መግቢያ እንደ ቀኑና እንደ ዲጄው ከ2,000 እስከ 4,000 የን ነው። ብዙ ቦታ አንድ መጠጥ አብሮ ይሰጣል፤ በሩ ላይ ትንሽ ትኬት ወይም ሳንቲም የሚመስል ፕላስቲክ ይሰጧችኋል። ጃኬትና ቦርሳ በሳንቲም የሚከፈት ሎከር ውስጥ ይገባል። ሎከሩ ቶሎ ስለሚሞላ መጀመሪያ እሱን ያዙ፣ መጠጡ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ከወጣችሁ ተመልሳችሁ መግባት የማትችሉበት ቤት ብዙ ስለሆነ ራት በልታችሁ ግቡ።

መጀመሪያ ቀን ያስገረመኝ የሰዉ አቋም ነው። ሁሉም ፊቱን ወደ ዲጄው አዙሮ ነው የሚጨፍረው። ልክ ጠዋት ባንዲራ እንደሚሰቀልበት የተማሪ ሰልፍ። እኛ ክብ ሠርተን፣ ፊት ለፊት ተያይተን፣ ትከሻ ለትከሻ ተፈታትሸን ነው የለመድነው። እዚህ ማንም ማንንም አያይም። መጀመሪያ ቀዝቃዛ መሰሉኝ። በሦስተኛው ጊዜ ገባኝ፤ ሰዎቹ በእውነት እየሰሙ ነው። እንዴት እንደምትጨፍሩ የሚታዘብም የለም፣ ይሄ ደግሞ ነፃነት አለው።

ትልልቆቹ ክለቦች አንድ ጉድለት አላቸው፤ ወንበር የላቸውም ማለት ይቻላል። 9 ሰዓት ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው የሚያንቀላፉ ልጆች ታያላችሁ፣ ቤዙ ደረታቸውን እየነቀነቀው። እኔ ስለዚህ ሺቡያ ላይ የምመርጠው ትንንሾቹን የዲጄ ባሮች ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወይም ምድር ቤት፣ ሠላሳ ሰው ሲገባ የሚሞሉ ናቸው። መግቢያቸው ርካሽ ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያስከፍልም። በርጩማ አላቸው።

እንደዚህ ባለ አንድ ባር ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። 9 ሰዓት ገደማ ነው፣ አሥር ሰው ብንሆን ነው። ዲጄው መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ የባንክ ሠራተኛ የሚመስል ሰውዬ ነው። አንድ ሸክላ ገለበጠ። ሳክስፎኑ ገና ሲጀምር ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። የኛ ነው። በአባቴ ጊዜ አዲስ አበባ የተቀዳ ሙዚቃ፣ ሺቡያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ትከሻዬ እኔን አላስፈቀደኝም። ሰውዬው ገባው፤ የሸክላውን ልባስ ይዞ መጣና ጽሑፉን እንዳነብለት ጠየቀኝ። ዓመታት ይዞታል፣ ግን ምን እንደሚል አያውቅም። የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስ፣ ከታች «አዲስ አበባ» የሚለውን በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩለት። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ በካታካና፣ የባዕድ ቃል በሚጽፉበት ፊደላቸው፣ ጻፈው። ያን ምሽት መጠጤን አልከፈልኩም።

ስለ ሺቡያ አንድ ማስጠንቀቂያ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በጣቢያው ዙሪያ መንገድ ላይ መጠጣት ዓመቱን ሙሉ ክልክል ነው፤ ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 11። ከሱቅ ጣሳ ቢራ ገዝቶ አስፋልት ዳር መቆም ለብር ለሌለው ሰው ጥሩ መላ ነበር። ቀረ።

ሮፖንጊ፦ ቋንቋ ለሚያስጨንቀው

ሮፖንጊ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች የነበሩበት ሰፈር ነው። ዛሬም ኤምባሲው፣ የውጭ ኩባንያው፣ የውጭ ሰው የበዛበት እዚያ ነው። እንግሊዝኛ ያስኬዳል። ሙዚቃው የምታውቁት ነው፤ ሂፕ ሆፕ፣ አር ኤንድ ቢ፣ የሬዲዮ ፖፕ፣ አፍሮቢትስ የሚያጫውቱባቸው ምሽቶችም አሉ። አፍሮቢትስ ሲመጣ ሰው ክብ ይሠራል፣ ይስቃል፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ይጨፈራል። ለአንድ ምሽት ብቻ ከመጣ፣ ጃፓንኛ «አሪጋቶ» ላይ ካበቃበት እንግዳ ጋር ከሆንኩ እዚህ ነው የምወስደው። ቶሎ ይሞቃል።

ችግሩ መንገዱ ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ መቶ ሜትር ሳትሄዱ ሦስት ሰው ትከሻችሁን ይይዛል። ወያላ በሏቸው። «ብራዘር፣ ከየት ነህ? የመጀመሪያው መጠጥ በነፃ ነው!» ይላሉ። ቆዳችን ጥቁር ስለሆነ በተለይ ለኛ «ብራዘር» ትበዛለች፤ ባዕድ አገር ወንድሜ ሲሏችሁ ደግሞ ልብ ይላላል። አይላላ። የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ በሮፖንጊና ሺንጁኩ ውስጥ ባለው የመሸታ ሰፈር በካቡኪቾ፣ መጠጥ ውስጥ ነገር ጨምረው ካርድ የሚያስመዘብሩ ቤቶች እንዳሉ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። ደህናው ክለብ መንገድ ላይ ሰው ልኮ አይጎትታችሁም። የምትገቡበትን ቤት ቀን ላይ ምረጡና በእግራችሁ ሄዳችሁ ግቡ። ከዚያ ውጭ ያለ ግብዣ ሁሉ ይለፋችሁ።

ሺንጁኩ፦ ለማየት አንደኛ፣ ለሂሳብ መጨረሻ

ካቡኪቾ ስሙን ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ ሊሠራ ታስቦ ሳይሠራ ከቀረ የካቡኪ ቲያትር ቤት ነው። ቲያትሩ ባይሠራም ትርኢቱ ሞልቷል። መብራቱ፣ ከሕንፃ ጀርባ የሚያፈጠው የጎድዚላ ጭንቅላት፣ ፀጉራቸውን ቀለም የተቀቡ ወጣቶች ፎቶ የተሰቀለበት ሰሌዳ፤ ከዚህ ሁሉ በላይ «ደላሎችን አትከተሉ» እያለ ያለማቋረጥ የሚለፍፍ ድምፅ ማጉያ። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛም ይነገራል። እኔም ሰምቼው ነበር።

ከአዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና የመጣ ወዳጄን ይዤ ነው። ሱፍ የለበሰ ጨዋ ልጅ «አንድ ሰዓት፣ የፈለጋችሁትን ያህል፣ 3,000 የን» አለን። ወዳጄ እኔን አየኝ። እኔ አገሩን አውቃለሁ ባይ ነኝ፣ «ችግር የለም፣ እንግባ» አልኩ። አምስተኛ ፎቅ። አንድ ሶፋ፣ አንድ ሳህን ኦቾሎኒ፣ ሁለት ሴት ልጆች መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። አንድ ሰዓት አልሞላንም፣ ወጣን ስንል ትንሽ ወረቀት በሰሃን ቀረበልን። 68,000 የን። በሰልፍ ተጽፏል፦ መቀመጫ፣ በረዶ፣ አገልግሎት፣ የልጆቹ መጠጥ፣ የሌሊት ጭማሪ። በረዶው ለብቻው ነው የተቆጠረው። ወዳጄ በልቡ ወደ ብር መንዝሮ መሰለኝ ላብ አጠመቀው። «ፖሊስ ዘንድ እንሂድ» አልኩ። «እንሂድ» አሉኝ፣ አብረውኝ ወረዱ። ፖሊሱ ሁለታችንንም በትህትና ሰማና ተነጋግራችሁ ጨርሱ አለን። የክፍያ ጭቅጭቅ ነው፣ ወንጀል ካልሆነ አይገቡበትም። መንገድ ላይ አርባ ደቂቃ ተከራክረን በ20,000 ተላቀቅን። ጃፓኖች ይህን «ቦታኩሪ» ይሉታል። ወዳጄ እስካሁን ስልክ ሲደውል «በረዶ እንዴት ነው?» ይለኛል።

ይህ ማለት ሺንጁኩ አይኬድም ማለት አይደለም። በ2023 በተከፈተው የካቡኪቾ ታወር ምድር ቤት ዜሮ ቶኪዮ የሚባል ብዙ ፎቅ ወደ ታች የሚወርድ ትልቅ ክለብ አለ፤ ዋጋው በሩ ላይ የተጻፈ ነው። ለማውራት ከሆነ ደግሞ ጥቂት ርምጃ አልፋችሁ ጎልደን ጋይ አለላችሁ። ስድስት ቀጫጭን መተላለፊያ፣ ውስጣቸው ሁለት መቶ ገደማ መጠጥ ቤት። ቤት ስላችሁ ከስድስት እስከ አሥር ሰው ብቻ የምትይዝ ክፍል ማለቴ ነው፤ በርጩማው ላይ ከተቀመጣችሁ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ደረጃቸው እንደ መሰላል የቆመ ነው፣ ስትወጡ ሳይሆን ስትወርዱ ነው የሚታወቃችሁ። ከመጠጡ ሌላ የመቀመጫ ሂሳብ አለ፣ 500 ወይም 1,000 የን፣ አንዳንዱ ከዚያ በላይ። በሩ ላይ ተጽፎ ካላያችሁ ጠይቁ። የደንበኛ ብቻ የሆኑ ቤቶችም አሉ። ባለቤቷ እጇን አጣምራ ካሳየቻችሁ ቦታ የለም ማለት ነው። አንዳንዴ ቦታው እያለም የለም ይባላል፤ ያ ያማል፣ ግን ቀጣዩ በር ሁለት ሜትር ነው። ለጭፈራ አይሆንም። ለብቻው ለመጣ ሰው ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ቁጭ ብላችኋል፣ ሰው አጠገባችሁ አለ፣ ጆሯችሁ አልደነቆረም።

ኦሳካ ከሆናችሁ

ኦሳካ ላይ ምርጫው ቀላል ነው፤ ሁሉም በእግር ይደረሳል። ዶቶንቦሪ፣ ሺንሳይባሺ፣ አሜሪካሙራ አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው። ሰዉ ከቶኪዮ ይልቅ ወሬ ይወዳል፣ ቀድሞ ያናግራችኋል። ሦስት ማዕዘን የሆነች ትንሽ መናፈሻ አለች፤ ታኮያኪ (ውስጡ የኦክቶፐስ ሥጋ ያለበት የተጠበሰ የሊጥ ኳስ) ይዞ እዚያ መቀመጥ ግማሹ ምሽት ነው።

ግን የዛሬው ጭፈራ እንዲሁ አልተገኘም። በ1948 የወጣ ሕግ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማስጨፈርን ይከለክል ነበር። ለአሠርት ዓመታት ፖሊስ አይቶ እንዳላየ ሲያልፍ ቆየና፣ በ2010 አሜሪካሙራ ውስጥ በጸብ አንድ ተማሪ ከሞተ በኋላ ዘመቻ ተጀመረ። ክለቦች «መጨፈር ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ክለብ ውስጥ፣ ሙዚቃ እየተጫወተ! በ2012 ኖን የሚባል የኦሳካ ክለብ ተወረረ፣ ባለቤቱ ተከሰሰ። ሰውዬው አልተቀበለም፣ ተከራከረ፣ በ2014 ነፃ ወጣ። ሙዚቀኞችና ጠበቆች ፊርማ አሰባሰቡ፣ ሕጉ ተሻሻለ፣ ከሰኔ 2016 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ቤት እስከ ንጋት ማስጨፈር ቻለ። ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ብርሃኑ ከ10 ሉክስ በላይ እንዲሆን ነው። ፊልም ሊጀምር ሲል ያለ ሲኒማ ቤት አስቡ።

ካራኦኬ፦ ማንም የማይጠይቀኝ፣ ሁሉም የሚያመሰግነኝ

ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ምክሬ ይሄ ነው። እስከ 6 ሰዓት የፈለጋችሁበት ጨፍሩ፣ ከዚያ ካራኦኬ ግቡ። በሰው ፊት መድረክ ላይ መውጣት የለም። የራሳችሁ ክፍል ነው፤ ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ማይክ፣ ግድግዳ ላይ ስልክ። እስከ ንጋቱ ድረስ በአንድ ዋጋ የሚከራይበት የሌሊት ጥቅል አላቸው። እንደ ሰፈሩና እንደ ቀኑ ለአንድ ሰው ከ2,000 እስከ 4,000 የን ይመጣል፣ ዓርብና ቅዳሜ ይወደዳል። «ኖሚሆዳይ» ካላችሁ የፈለጋችሁትን ያህል ትጠጣላችሁ። የደከመው ጫማውን አውልቆ ጥግ ላይ ይተኛል፣ ሌላው ይዘፍናል። ሰካራም አይጋፋችሁም፣ ወያላ አይጠራችሁም፣ ሂሳቡ ሲገባ የተነገራችሁ ነው።

የአማርኛ ዘፈን እስካሁን ማሽኑ ውስጥ አላገኘሁም። ግን ኤንካ ይሞከር። ኤንካ የጃፓን የሆድ ባሰው ዘፈን ነው፤ ስለ ወደብ፣ ስለ በረዶ፣ ስለሄደች ሴት። መጀመሪያ የሰማሁት ከቤተ ሙከራችን ሰዎች ጋር ነው። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ፕሮፌሰሬ ክራቫታቸውን አላልተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ትዝታ ነው! ብዙው ኤንካ የሚዘፈንበት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝትና የኛ ትዝታ ማይነር አንድ ዓይነት ድምፆች ናቸው። ድምፅ አወራረዳቸው፣ መርገብገቡ ሳይቀር። እኔም በዜማቸው ላይ አማርኛ እየገጠምኩ ተቀበልኳቸው። ፕሮፌሰሩ ቃሉ ባይገባቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ሌሊት በኋላ በቤተ ሙከራው ኮሪደር ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ተለወጠ።

ብቻችሁን ከሆናችሁና እንቅልፍ ካሸነፋችሁ ደግሞ የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ካፌ አለ። የሌሊት ጥቅሉ ከ2,000 እስከ 3,000 የን ገደማ ነው። ቁም ሳጥን የምታክል ክፍል፣ ኮምፒውተር፣ ብርድ ልብስ። ገላ መታጠቢያም አይጠፋም። አያምርም፣ ግን ያስተኛል።

የትም ብትሄዱ

ፓስፖርት ያዙ፤ ዋናውን። ፎቶ ኮፒና ስልክ ላይ ያለ ፎቶ በሩ ላይ አይሠራም። አዋቂ የሚባለው ዕድሜ ከ2022 ጀምሮ 18 ቢሆንም መጠጥ ግን አሁንም ከ20 በታች ክልክል ነው፣ ክለብም የሚያስገባው ከ20 ጀምሮ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ጎብኚ ፓስፖርቱን ነዋሪ የመኖሪያ ካርዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያስገድዳል። ሌሊት ፖሊስ አስቁሞ መጠየቁ ይደርሳል፤ በኛ መልክ ደግሞ ትንሽ በዛ ብሎ ይደርሳል። ተበሳጩ፣ ግን ወረቀቱን አሳዩ።

ጥሬ ገንዘብ አይጥፋ። ከጎደለ ሰቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ ውስጥ ያለው የገንዘብ ማሽን የውጭ ካርድ ይቀበላል። ጉርሻ የሚባል ነገር የለም፤ ብትተዉላቸው ረስታችሁ መስሏቸው መንገድ ድረስ ይከተሏችኋል። ወንዶች ቁምጣና ነጠላ ጫማ አታድርጉ፣ ከበር የሚመልሱ አሉ።

ዕፅ ማንም ቢሰጣችሁ፣ ትንሽም ብትሆን፣ እንዳትነኩ። እዚህ አገር ከክስ በፊት ብቻ እስከ 23 ቀን ሊያስሯችሁ ይችላሉ።

ለሴቶች መግቢያ ብዙ ቦታ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ነፃ ነው። አብራን የምትወጣ አንድ ሐበሻ እህታችን «መንገዱ አያስፈራኝም፣ የሚያስጠላኝ ዓርብ የሚጨናነቀው ወለል ነው» ትላለች። ሮፖንጊ ላይ ብርጭቆዋን ከእጇ አትለይም፤ አስቀምጣ ከሄደች ተመልሳ አትጠጣውም። ምርጫዋ ሺቡያ ያሉት ትንንሽ ባሮች ናቸው፣ ወይ ካራኦኬ።

እንግዲህ አንድ ሌሊት ብቻ ካላችሁ፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ጨፍሬ ላልጠግብ ከመጣሁ ሺቡያ ገብቼ አልወጣም። ብቻዬን ከሆንኩ 5 ሰዓት ላይ ሺቡያ፣ ከዚያ የመጨረሻው ባቡር ሳያመልጠኝ ሺንጁኩ ተሻግሬ ጎልደን ጋይ ቁጭ እላለሁ፤ በያማኖቴ መስመር ሰባት ደቂቃ ናት። ጓደኛ ካለኝ ካራኦኬ። ሮፖንጊ የምሄደው እንግዳው ራሱ ከለመነኝ ነው። ነገ ጠዋት ሥራ ወይም አውሮፕላን ካለባችሁ ደግሞ 5 ተኩል ላይ ሂሳብ ዝጉና ወደ ጣቢያው ሩጡ፤ አታፍሩ፣ ግማሹ ቶኪዮ አብሯችሁ ይሮጣል።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ሺቡያ ሌላ ከተማ ናት። ቁራዎቹ ወርደው የቆሻሻ ከረጢት ይቦድሳሉ፤ የዶሮ ያህል ናቸው፣ ሰው አይፈሩም። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ቦርሳውን ተንተርሶ ደረጃ ላይ ተኝቷል፣ ጫማውን አውልቆ በሥርዓት ጎን ለጎን አስቀምጦታል። የበሬ ሥጋ በሩዝ የሚሸጥበት ቤት ክፍት ነው። በር ላይ ካለው ማሽን ትኬት ትገዛላችሁ፣ ማንም ሳያናግራችሁ በሁለት ደቂቃ ጎድጓዳው ሳህን ይመጣል። ከጎናችሁ ያለው ልጅ አንድ ጉንጭ ይበላል፣ ያንቀላፋል፣ ነቅቶ ሌላ ጉንጭ ይበላል።

ከዚያ ባቡሩ። ወንበሩ ከሥሩ ይሞቃል፣ ተንኮሉ እሱ ነው። እኔ ከሺቡያ በሃንዞሞን መስመር ኦሺያጌ ድረስ ሄጄ ነው የምቀይረው። ባቡሩ ግን ሁልጊዜ ኦሺያጌ ላይ ጉዞውን አያበቃም፤ አንዳንዱ ባቡር በሌላ ኩባንያ ሐዲድ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ይነጉዳል። አንድ ቅዳሜ ዓይኔን ለአንድ ደቂቃ ከደንኩ። ስገልጠው ፀሐይ ወጥታለች፣ በመስኮቱ የሩዝ ማሳ ይታያል፣ ሰሌዳው ላይ «ኩኪ» ይላል። ሳይታማ፣ ከቤቴ አንድ ሰዓት የሚርቅ አገር። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አሮጊት የእርሻ ቆብ አድርገው በፈገግታ ያዩኛል። ወርጄ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። መልሱን ስሳፈር ቆሜ ነው የሄድኩት።